የኤምሲ4 ኖክአውት አይጦች፦ ኤምአርኤንኤው አልጠፋም፣ ክብደቱም አልተለየም፤ መስመሩ ውሸት ነው?

ገራዶ፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፈው ከደሴ ነው፤ ጥያቄው ለፊዚዮሎጂ የማስተርስ ጥናት ነው። ጥያቄዬን ጀባ ብያለሁ፣ የምታውቁትን አትንፈጉኝ።

ጥናቱ ኤምሲ4 የተባለው የሜላኖኮርቲን ሪሴፕተር በምግብ ፍላጎትና በሰውነት ክብደት ላይ ያለውን ድርሻ በኖክአውት (ጂኑ ሆን ተብሎ በተበላሸባቸው) አይጦች መፈተሽ ነው። አይጦቹ ጂን በሚቆርጠው በክሪስፐር ዘዴ የተሠሩ ናቸው። በጂኑ ኮዲንግ ክፍል መጀመሪያ አካባቢ 11 ቤዝ ጎድሏል፤ 11 ለ3 ስለማይካፈል ከዚያ በታች ያለው ንባብ ሁሉ ይዛባል። ዘራቸው ሲ57 ብላክ 6 ጄ የሚባለው የላቦራቶሪ አይጥ ነው።

ያስቸገረኝ ይህ ነው። ከሃይፖታላመስ አርኤንኤ ወጥቶ አርቲ ፒሲአር (አርኤንኤን ወደ ዲኤንኤ ገልብጦ የሚያበዛ ምርመራ) ሲሠራ ባንዱ በኖክአውቱም በዋይልድ ታይፑም (ጂኑ ጤናማ በሆነው) እኩል ይታያል። ፕሮቲንን በአንቲቦዲ በሚለየው በዌስተርን ብሎትም አንቲቦዲው በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ባንድ ያወጣል። በአራት ሳምንት ዕድሜያቸው ሲመዘኑ ልዩነት የላቸውም። ለጂኖታይፒንግ (የትኛው አይጥ የትኛውን የጂን ቅጂ እንደያዘ ለመለየት) 2 በመቶ አጋሮዝ ጄል ነው ያለው፤ የ11 ቤዝ ልዩነት ግን አይለይበትም። በዚህ ላይ ሄት (አንድ ጤናማና አንድ የተበላሸ ቅጂ ያለው) ከሄት ሲዳቀል የሚገኘው ኖክአውት ጥቂት ነው፤ ኖክአውትን ከኖክአውት አዳቅዬ ዋይልድ ታይፑን ከሌላ የእንስሳት ቤት ባመጣስ? መስመሩን ልተወው ወይስ ስህተቱ ከአሠራሩ ነው?


ሐይቅ ዳር፦

አብሽሪ እህቴ። ከጻፍሽው ውስጥ መስመሩ ውሸት ነው የሚያሰኝ አንድም ነገር የለም።

ከኤምአርኤንኤው ልጀምር። ሴል ያለጊዜው የማቆሚያ ኮዶን የገባበትን ኤምአርኤንኤ አውቆ የሚያስወግድበት መንገድ አለው። መንገዱ በዋናነት የሚሠራው ግን ከማቆሚያው ኮዶን በታች ሁለት ኤክሶኖች (በኤምአርኤንኤው የሚቀሩት የጂኑ ክፍሎች) የተገጣጠሙበት ምልክት ሲኖር ነው። የኤምሲ4 ኮዲንግ ክፍል 332 አሚኖ አሲዱን በሙሉ በአንድ ኤክሶን ይዞ ያልቃል። ከታች መጋጠሚያ የለም፤ ስለዚህ የተዛባው ኤምአርኤንኤ እንደልቡ ይኖራል። ኢንትሮን (ተቆርጦ የሚወጣ ክፍል) ባላቸው ጂኖች የለመድነውን «ኖክአውት ከሆነ ኤምአርኤንኤው ይወርዳል» የሚል ፍርድ እዚህ ማምጣት አይቻልም።

ከዚህም የሚቀድም ጥርጣሬ አለ። ጂኑ በኮዲንግ ክፍሉ ኢንትሮን ስለሌለው ፕራይመሮችሽ ከጂኖሚክ ዲኤንኤም ከሲዲኤንኤም (ከአርኤንኤ ከተገለበጠው ዲኤንኤ) ያንኑ መጠን ያለው ባንድ ያወጣሉ። አርኤንኤው ዲኤንኤን በሚቆራርጠው በዲኤንኤዝ ኢንዛይም ካልታጠበ የምታዪው ባንድ ከአርኤንኤ ላይመጣ ይችላል። እያንዳንዱ ናሙና ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ (ገልባጩ ኢንዛይም) ያልገባበት መንታ ይኑረው። በዚያ መንታ ላይ ባንድ ከወጣ ውጤቱ አይነበብም፤ እንደገና በዲኤንኤዝ ይታጠብ። መንታው ንጹሕ ከሆነ ደግሞ የኖክአውቱን ባንድ ከጄሉ ቆርጠሽ ሲክዌንስ ይደረግልሽ። 11 ቤዙ በሲዲኤንኤው ላይ መጉደሉን ማሳየት «ኤምአርኤንኤው ቀነሰ» ከማለት የበለጠ ማስረጃ ነው።

አንቲቦዲውን በተመለከተ፣ ባንዱ በሁለቱም ላይ መታየቱ የሚከሰው አንቲቦዲውን ነው። ሴል ሽፋን ላይ ሰባት ጊዜ የሚመላለሱ ሪሴፕተሮች መጠናቸው በጣም ጥቂት ነው፤ ለእነሱ ተብለው የሚሸጡ ብዙ አንቲቦዲዎችም ሌላ ፕሮቲን ይይዛሉ። የኖክአውት ቲሹ ትልቁ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፦ በኖክአውት ላይ የማይጠፋ ባንድ የሪሴፕተሩ ባንድ አይደለም። ሌላ አንቲቦዲ ለመሞከር ካሰብሽ ናሙናውን በ95 ዲግሪ አታፍዪው። እንዲህ ያሉ የሽፋን ፕሮቲኖች ሲፈሉ ተጣብቀው ከጄሉ ጉድጓድ ሳይወርዱ ይቀራሉ፤ በሳምፕል በፈሩ ውስጥ በ37 ዲግሪ 30 ደቂቃ ይበቃል። በግሌ ግን ገንዘቡንና ጊዜውን ለሌላ ነገር ባደርገው እመርጣለሁ። ሪሴፕተሩ መጥፋቱን ከዌስተርን ይልቅ ሥራው ይመሰክራል፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

ጂኖታይፒንጉ ቀላል ነው። ለዲኤንኤው ውድ ኪት አያስፈልግም። 2 ሚሊሜትር የጆሮ ቁራጭ በ75 ማይክሮሊትር መፍትሔ ውስጥ ይግባ፤ መፍትሔው 25 ሚሊሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድና 0.2 ሚሊሞላር ኢዲቲኤ ነው። በ95 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ከቆየ በኋላ ሲበርድ በእኩል መጠን 40 ሚሊሞላር ትሪስ ኤችሲኤል፣ ፒኤች 5 የሆነ፣ ይጨመርበት። ከዚህ 1 ወይም 2 ማይክሮሊትር ለፒሲአር ይበቃል፤ ብዙ ከገባ ጨውና ቆሻሻው ኢንዛይሙን ያፍነዋል። አደራ፣ ይህን በፈላ ውኃ ማሰሮ ላይ አትሞክሪው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ክዳኑ በሚሞቅ የፒሲአር ማሽን ውስጥ ይሁን።

11 ቤዝን ለመለየት ፒሲአሩ የሚያወጣው ቁራጭ ከ100 እስከ 130 ቤዝ እንዲሆን ፕራይመሮቹን አጥብቢያቸው። 400 ቤዝ ላይ የ11 ቤዝ ልዩነት በዓይን አይታይም። ከዚያ ትናንሽ ቁራጮችን ለመለየት የተዘጋጀ አጋሮዝ በ4 በመቶ፣ ወይም 10 በመቶ ፖሊአክሪላማይድ ተጠቀሚ። በፖሊአክሪላማይድ ላይ ሄቱ ራሱን ይናገራል፤ ጤናማውና የጎደለው ክር ሲጣመሩ የማይገጥመው ቦታ ስለሚያብጥ ከሁለቱ በላይ ቀርፋፋ ባንድ ይታያል። ዋይልድ ታይፕና ኖክአውት መምታታቸው ካሳሰበሽ እያንዳንዱን ያልታወቀ የፒሲአር ውጤት ከታወቀ ዋይልድ ታይፕ ውጤት ጋር እኩል ቀላቅለሽ በ95 ዲግሪ አላቂው፣ ቀስ እያለ ይብረድ። ብቻውን ሲሄድ ቀርፋፋ ባንድ ያልነበረው፣ ሲቀላቀል ግን ያወጣ፣ እሱ ኖክአውት ነው። በእያንዳንዱ ጄል ላይ የታወቀ ዋይልድ ታይፕ፣ ሄት፣ ኖክአውትና ባዶ ውኃ አይቅሩ።


የቦርከና ልጅ፦

ስለ ማዳቀሉ ልግባ። ኖክአውት ከኖክአውት፣ ዋይልድ ታይፕ ከሌላ ቤት የሚለውን ሐሳብ ተዪው። ጥናቱን የሚገድለው ይህ ነው።

ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። ኤምሲ4 የሌላት እናት ወፍራም ናት፣ ኢንሱሊኗም ከፍ ያለ ነው። በእንዲህ ያለ ማህፀን አድጎ የእሷን ወተት የጠባ ግልገል ጂኑ ባይጎድለውም ክብደቱ ሊለይ ይችላል፤ ያኔ የሪሴፕተሩን ከእናቲቱ ማን ይለይልሻል? ወንዶቹ ኖክአውቶች ደግሞ በመዳቀል ደካማ ናቸው፤ የጠበቅሽው ብዛትም አይገኝም። ሦስተኛ፣ ከውጭ የሚመጣው «ብላክ 6» የትኛው ብላክ 6 ነው? የጄው ንዑስ ዘር ኤንኤንቲ የሚባለው ጂን ተበላሽቶበታል፤ ይህም የኢንሱሊን አመነጫጨትን ይነካል። የኤኑ ንዑስ ዘር ኤንኤንቲው ጤናማ ነው፤ ሲአርቢ1 ላይ ግን ዓይንን የሚጎዳ ለውጥ ተሸክሟል። ስኳርና ኢንሱሊን በሚለካበት ጥናት ጄን ከኤን ጋር ማወዳደር ሌላ ጂንን ማወዳደር ነው። ደብዳቤው ላይ «ብላክ 6» ብቻ ተጽፎ ከመጣ የጄና የኤን መለያ ፒሲአር ሳይሠራ ወደ ክፍሉ አይግባ።

ስለዚህ ሄት ከሄት ነው፣ ማወዳደሪያውም ከአንድ እናት በአንድ ወሊድ የተገኙት ወንድማማቾች ናቸው። ስሌቱ ከባድ ነው፣ ግን ከመጀመሪያው ማወቁ ይሻላል። 12 ወንድ ኖክአውት ብትፈልጊ ኖክአውት ሩብ፣ ወንድ ግማሽ፣ ማለትም ከስምንት አንድ ነው። 96 ግልገል ያስፈልጋል። ከአንድ ወሊድ ስድስት ጡት እስኪጥሉ ቢደርሱ 16 ወሊድ ነው። እርግዝናው ከ19 እስከ 21 ቀን፣ ጡት ማስጣያው በ21ኛው ቀን ነው። አራት ሄት ሴቶች ቢያዙ እያንዳንዷ አራት ጊዜ ትወልዳለች፤ አራት አምስት ወር ቁጠሪ። ሁሉም በአንድ ዕድሜ ስለማይደርሱ በዙር በዙር ይገባሉ፤ በእያንዳንዱ ዙር ኖክአውትም ዋይልድ ታይፕም መኖር አለበት። አንዱ ዙር ኖክአውት ብቻ ከሆነ ወቅቱና ጂኑ ይደባለቃሉ።

ሄቱን እንደ ማወዳደሪያ መውሰድም አይሆንም። በአንዳንድ ጂኖች አንድ ጤናማ ቅጂ ይበቃል፤ በኤምሲ4 ግን አይበቃም። በ1997 የታተመው የመጀመሪያው የኤምሲ4 ኖክአውት ጥናት ሄቶቹ በዋይልድ ታይፕና በኖክአውት መካከል መውደቃቸውን አሳይቷል። ሄቶቹን ሦስተኛ ቡድን አድርገሽ ብትመዝኚያቸው ግን ጥሩ ነው፦ ክብደቱ በቅጂው ልክ በደረጃ ከወጣ ለሪሴፕተሩ ያለሽ ማስረጃ ይጠነክራል።

ለማጣራት ያህል፣ የተወለዱትን ቁጥር ከ1፡2፡1 ጋር አወዳድሪ። ለምሳሌ ከ80 ግልገል 26 ዋይልድ ታይፕ፣ 45 ሄት፣ 9 ኖክአውት ቢመጣ ካይ ስኩዌሩ (ከተጠበቀው ቁጥር ያለው መራቅ መለኪያ) 8.5 ያህል ነው፤ በሁለት ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም ድንበሩ 5.99 ስለሆነ ጉድለቱ የአጋጣሚ አይመስልም። የኤምሲ4 ኖክአውቶች ጤነኛ ሆነው ስለሚወለዱ እንዲህ ያለ ጉድለት ሲመጣ ሞተዋል ከማለትሽ በፊት ጂኖታይፒንጉን ጠርጥሪ።

ክሪስፐር መሆኑ አንድ ትልቅ ራስ ምታት ቀንሶልሻል። በድሮው መንገድ በ129 ዘር ስቴም ሴል ተሠርቶ ወደ ብላክ 6 የተዛወረ ኖክአውት ከአሥር ትውልድ ባክክሮስ (ወደ ብላክ 6 መልሶ ማዳቀል) በኋላም ቢሆን በጂኑ ዙሪያ በአማካይ ወደ 20 ሴንቲሞርጋን (በክሮሞሶም ላይ የርቀት መለኪያ) የሚሆን የ129 ክሮሞሶም ይዞ ይቀራል። በዚያ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጂኖች አሉ። የጥንት የኒውሮፔፕታይድ ሪሴፕተር ጥናቶችን ስታነቢ «ማወዳደሪያው ምን ነበር?» ብለሽ የምትጠይቂው ለዚህ ነው። የክሪስፐሩ ዕዳ ያልታሰበ ቦታ መቁረጡ ነው፤ ከመሥራቹ አይጥ በኋላ ቢያንስ ሁለት ትውልድ ከዋይልድ ታይፕ ጋር መዳቀሉን የላኩልሽን ሰዎች ጠይቂ።


ገራዶ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼም ወንድሜም። ዲኤንኤዝ አልተደረገበትም፤ መልሱ እሱ ሳይሆን አይቀርም። የሚቀረው የክብደቱ ነገር ነው። አይጦቹ የሚበሉት እዚሁ የተዘጋጀ ከስንዴ ፉሩሽካ፣ ከበቆሎና ከኑግ ፋጉሎ የተሠራ መኖ ነው። ክፍሉ ማሞቂያ የለውም። ይህ ለውጥ ያመጣል?


ከጦሳ ሥር፦

እህት ዓለም፣ በጣም ያመጣል። ለዚህ ሪሴፕተር መኖና ብርድ የጥናቱ ግማሽ ናቸው።

ዕድሜውን አስቀድሜ ላንሣ። አራት ሳምንት ገና ነው። የኤምሲ4 ኖክአውት ልዩነት የሚከፈተው ከአምስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ ከዚያ እየሰፋ ይሄዳል። ከአራተኛው እስከ 16ኛው ሳምንት በየሳምንቱ በአንድ ቀንና በአንድ ሰዓት መዝኚ። ኖክአውቶቹ በቁመትም ይረዝማሉ፤ ስለዚህ ክብደት ብቻውን ስብ ማለት አይደለም። በመጨረሻው ቀን ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ጅራት ሥር ያለውን ርዝመት ለኪ፣ የሆድና የብሽሽት ስብ ለየብቻ ይመዘን።

መኖው። ኤምሲ4 የሌለው አይጥ ቅባት ሲበዛ የሚበላውን መቀነስ አይችልም፤ ዋይልድ ታይፑ ግን ቶሎ ያስተካክላል። እንግዲህ የኑግ ፋጉሎን አስቢው። በመጭመቂያ ብቻ የወጣ ፋጉሎ ዘይት ይቀርበታል፣ የሚቀረውም መጠን ከአንዱ መጭመቂያ ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ጆንያ ወደ ሌላው ይለያያል። የመኖው ቅባት በወር መካከል ከፍ ቢል የኖክአውቱ ክብደት ብቻ ይዘላል፤ አንቺም የዕድሜ ውጤት ነው ብለሽ ትጽፊዋለሽ። ለጠቅላላ ጥናቱ የሚበቃ መኖ በአንድ ጊዜ ይቀላቀል፣ የቅባት መጠኑ በላቦራቶሪ ይለካ፣ እርጥበት በማይገባበት ዕቃ ይቀመጥ። ሙሉው ባይቻል እንኳ በአንድ ዙር ውስጥ መኖ አይለወጥ።

ብርዱ። አይጥ ለሙቀት ጉልበት ሳያወጣ የሚኖረው 30 ዲግሪ አካባቢ ነው። ብዙ ላቦራቶሪዎች የሚይዙት ከ20 እስከ 24 ነው፤ እዚያም ቢሆን ከሚበላው ብዙው ለመሞቅ ይውላል። የደሴ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ያለ ማሞቂያ ምን እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ። በእንዲህ ያለ ክፍል ሁለቱም ቡድኖች ለሙቀት ብቻ ብዙ ስለሚያቃጥሉ በሪሴፕተሩ የሚመጣው ልዩነት ተሸፍኖ ሊቀር ይችላል። ቢያንስ 22 ዲግሪ ላይ የሚቆም፣ በቴርሞስታት የሚሠራ ማሞቂያ ያስፈልጋል፤ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን የሚይዝ ቴርሞሜትርም በኬጆቹ ቁመት ልክ ይሰቀል፣ ግድግዳው ላይ አይደለም። መደርደሪያውም ልብ ይባል፤ የላይኛው ረድፍ ሞቃት፣ የታችኛው ቀዝቃዛ ነው። ኖክአውቶቹ ሁሉ ታች ከተቀመጡ ያው ስህተት ነው። የጎጆ መሥሪያ ጥጥ ለሁሉም እኩል በግራም ይሰጥ። ለንጣፉ የጥድ ሰጋቱራ አይሁን፤ ሽታ ያላቸው እንጨቶች የጉበት ኢንዛይሞችን ስለሚቀሰቅሱ በኋላ መድኃኒት ስትሰጪ ውጤቱን ያዛቡታል።

ኬጅ ውስጥ ስንት እንዳሉም ጻፊ። አምስት ተቃቅፈው የሚተኙና አንድ ብቻውን የሚተኛ አይጥ አንድ አይደሉም።

የመብላቱ ልኬት እንዲህ ነው። አይጥ በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም ስለሚበላ ግማሽ ግራም የፈሰሰ ፍርፋሪ ልዩነቱን ይበላዋል። አንድ አንድ ይለያዩ፣ ቢያንስ ሦስት ቀን ይልመዱ፣ ከዚያ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን በ0.1 ግራም ሚዛን ይለካ፤ የፈሰሰው ከንጣፉ ተለቅሞ ይመዘን። ፉሩሽካው የበዛበት መኖ ቶሎ ስለሚፈረፈር አጥብቀሽ አስጨምቂው። መብራቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ማታ 1 ሰዓት ይብራ። አይጥ አብዛኛውን የሚበላው በጨለማ ነው፤ ማታ 3 ሰዓት ላይ በር ከፍቶ አምፖል የሚያበራ ዘበኛ የዚያን ሌሊት ቁጥር ያበላሻል። መብራት ሲጠፋና ሲመጣ የሰዓት መቆጣጠሪያው እንዳይዛባ ባትሪ ያለው ይሁን፣ የጠፋበትም ሰዓት ይመዝገብ።

ከዝቅተኛ ቦታ የመጡ ከሆነ ደግሞ እዚህ ከፍታ ላይ የኦክስጅኑ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሩብ ያህል ያነሰ ስለሆነ መብላታቸው ሊቀንስ ይችላል። ከአዲስ አበባ ለመጣ የከፍታው ለውጥ ጥቂት ነው። ግን በሐረጎ ጠመዝማዛ የተንገላታ አይጥ ያው የተንገላታ ነው፤ ሁለት ሳምንት ሳያርፍ አይለካ።


ወይና ደጋ፦

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ንጣፉንና መኖውን በኦቶክሌቭ የምታጸጂ ከሆነ መመሪያው ላይ ያለው 15 ፒኤስአይ ለባሕር ወለል ነው። በደሴ ከፍታ ጌጁ 15 ሲል ውስጡ 121 ዲግሪ አልደረሰም፤ 19 አካባቢ ያስፈልጋል። ከጌጁ ይልቅ ቴርሞሜትሩን እመኚ፣ የዕቃውንም የግፊት ጣሪያ ሳታዪ አታሳድጊ። ኮምቦልቻ ለሚሠሩት ከፍታው 1,850 ሜትር አካባቢ ስለሆነ 18 ገደማ ነው።


ሐይቅ ዳር፦

ሁሉም ትክክል ነው። እኔ ወደ ቀጠርኩት ልመለስ፦ ሪሴፕተሩ መጥፋቱ በሥራው እንዴት ይታያል?

ኤምሲ4ን የሚያነቃው ፖምሲ ከሚባለው ፕሮቲን የሚቆረጠው አልፋ ኤምኤስኤች ነው፤ አግአርፒ የሚባለው ፔፕታይድ ደግሞ ያፍነዋል። ኤምቲ2 የሚባለው ሠራሽ ፔፕታይድ ሪሴፕተሩን ስለሚያነቃ ዋይልድ ታይፕን ከመብላት ያስቆመዋል። ኤምሲ4 በሌለው አይጥ ላይ ይህ ውጤት አይታይም። ለአንቺ መስመር ከዌስተርን ብሎት የሚበልጠው ምስክር ይህ ነው። አራት ቡድን ይሁን፦ ዋይልድ ታይፕ በሳላይን፣ ዋይልድ ታይፕ በኤምቲ2፣ ኖክአውት በሳላይን፣ ኖክአውት በኤምቲ2። መርፌው መብራቱ ሊጠፋ ሲል ይሰጥ፤ መብላቱ በ1፣ በ2፣ በ4 እና በ24 ሰዓት ይለካ። የሚመዝነው ሰው የትኛው የትኛው እንደሆነ አይወቅ። ፔፕታይዱ በትንንሽ ቱቦ ተከፋፍሎ ይቀዝቅዝ፣ አንዴ የቀለጠ ተመልሶ አይቀዝቅዝ፤ መብራት ጠፍቶ ፍሪዘሩ የቀለጠበት ቀን ካለ ያ ክፍል ይጣል።

ትንተናው ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። «በዋይልድ ታይፑ ልዩነቱ ጉልህ ነው፣ በኖክአውቱ ጉልህ አይደለም፣ ስለዚህ ሪሴፕተሩ ነው» ማለት አይበቃም። መፈተሽ ያለበት የጂኖታይፕና የመድኃኒት ኢንተራክሽን ነው፤ ማለትም የመድኃኒቱ ውጤት እንደ ጂኖታይፑ መለያየቱ። የናሙናው ብዛትም ከዚሁ ይነሣል፦ በሁለት ቡድን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ያህል ከሆነ በ80 በመቶ ኃይል ለመያዝ በቡድን 17 ያስፈልጋል፤ አንድ ተኩል ከሆነ 9 ይበቃል። ኢንተራክሽን ከዚህም በላይ ይጠይቃል።

የጉልበት ወጪን ከለካሽ በክብደት አታካፍዪው። የወፈረ አይጥ ስቡ ብዙ ስለሆነ አካፋዩ ያድግና ወጪው ያነሰ ይመስላል። ክብደቱን ኮቫሪዬት (አብሮ የሚታሰብ መለኪያ) አድርገሽ በአንኮቫ ስሌት ተንትኚው። ኖክአውቶቹ የዋይልድ ታይፑን ያህል ብቻ ቢመገቡም ስብ እንደሚያከማቹ ይታወቃል፤ ይህን ለማየት የዋይልድ ታይፑ የትናንት አማካይ ለኖክአውቱ ዛሬ ይሰጣል። አንዴ አትስጪው ግን፤ የራበው ኖክአውት በሁለት ሰዓት ይጨርሰውና ቀሪውን ቀን ይጾማል፣ ያ ጾም ራሱ ሜታቦሊዝሙን ይለውጠዋል። ለሦስት ከፍለሽ፣ ትልቁን ድርሻ መብራት ሲጠፋ።

የመጨረሻው፣ ውጤትሽ የሚለውን ያህል ብቻ በይ። ሙሉ ኖክአውት ሪሴፕተሩ ከፅንስ ጀምሮ በሁሉም ቦታ የለም ማለት ነው፤ የት እንደሚሠራ አይነግርሽም። አእምሮም እያደገ ይለማመዳል፦ በ2005 የታተመ ሥራ የአግአርፒ ነርቮች በጨቅላነት ሲጠፉ አይጡ ብዙም እንደማይጎዳ፣ በአዋቂነት ሲጠፉ ግን መብላት እንደሚያቆም አሳይቷል። ለኤምሲ4 ቦታውን የለየው በዚያው ዓመት የወጣው ሌላ ሥራ ነው፤ ጂኑ በማቆሚያ ቁራጭ ታፍኖ በሲም1 ክሬ ነርቮች (ሲም1 ጂን በሚሠራባቸው፣ ክሬ የተባለው ዲኤንኤ ቆራጭ ኢንዛይም በገባባቸው) ውስጥ ብቻ ሲመለስ መብላቱ ተስተካከለ፣ የጉልበት ወጪው ግን አልተስተካከለም። ወደዚያ የምትሄጂ ከሆነ ክሬ ብቻ የተሸከሙ አይጦች ራሳቸውን የቻሉ ቡድን ይሁኑ። ሲም1 ራሱ አንድ ቅጂው ሲጎድል የሚያወፍር ጂን ነው፤ ያለዚያ ቡድን የክሬውን ውፍረት የኤምሲ4 ነው ብለሽ ትጽፊዋለሽ።


ገራዶ፦

ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። ዲኤንኤዙንና ፖሊአክሪላማይዱን በዚህ ሳምንት አስጀምራለሁ፤ ክብደቱ እስከ 16ኛ ሳምንት ይቀጥላል፣ ሄቶቹም ሦስተኛ ቡድን ሆነው ገብተዋል። መኖው አንድ ላይ እስኪቀላቀል ድረስ የመብላት ልኬቱን አቁሜዋለሁ።